ከቤታችን አጠገብ ኬብል ካር ሊተከል ነው፤ ድምፁ ያሰጋናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። ከጎናችን ያለው ሰፊ ቦታ ላይ መዝናኛ ፓርክ ሊሠራ ታስቧል። ከዳር እስከ ዳር በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ኬብል ካርም ይኖረዋል ተብሏል። አንዱ ምሰሶ ከአጥራችን 60 ሜትር ገደማ፣ ሰው የሚሳፈርበት ጣቢያ ደግሞ 110 ሜትር ገደማ ይርቃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ይሠራል። የሰፈሩን ሰው ሰብስበው ‹በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ድምፅ የለውም፤ ለማንኛውም ዙሪያውን ዛፍ እንተክላለን› አሉን። ጎረቤቶቼ ግን ወፍጮ ቤት አጠገብ እንደመኖር ነው ይላሉ። እኔ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ክፍል ለእንግዳ አከራያለሁ። እናቴም እንቅልፏ ቀላል ነው። ማንን ልመን? ምንስ ልጠይቅ?»

ሁለቱንም አይመኑ። በኤሌክትሪክ መሥራቱ ድምፅ አልባ አያደርገውም። ወፍጮ ቤትም አይሆንም። በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ኬብል ካር ከሆነ፣ ምሰሶው ሥር ቆመው ድምፅዎን ከፍ ሳያደርጉ ማውራት ይችላሉ። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ከተማ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎቿን በኬብል ካር ታመላልሳለች፤ ካቢኖቹ የሚያልፉት ከቤት ጣሪያ በላይ ነው። ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድም በ2019 እ.ኤ.አ. የራሱን ከፍቷል፤ መስመሩ ሆቴሎችን ከፓርኮቹ ጋር ያገናኛል። እንግዳ የሚያድርበት ቦታ አጠገብ ማለፍ ይቻላል ማለት ነው።

ግን እንዴት ተሠርቶ? ሰፈር የሚረብሸው ብዙውን ጊዜ ገመዱ አይደለም። ሞተሩ በየትኛው ጫፍ ተቀመጠ? መብራት ሲጠፋ ምን ይነሣል? ጣቢያው ላይ ሙዚቃ ይከፈታል ወይ? ስንት ሰዓት ይዘጋል? የእናትዎን እንቅልፍ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። አራቱም የሚወሰኑት ደግሞ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ ወረቀት ላይ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በብዙ ፓርኮች የሚተከለው ዓይነት ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ የሚዞር አንድ ገመድ ነው ያለው። ያው ገመድ ካቢኖቹን ይሸከማል፣ ይጎትታልም። ምሰሶዎቹ ላይ በተደረደሩ ጎማ የለበሱ ፑሊዎች ላይ እየተንከባለለ ያልፋል። ካቢኑ ጣቢያ ሲደርስ ከገመዱ ጋር የሚያያዘው መንጋጋ ገመዱን ይለቃል። በሰልፍ የተደረደሩ ትንንሽ ጎማዎች ያዘገዩታል። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል። ከዚያ ጎማዎቹ እንደገና ያፈጥኑትና መንጋጋው ገመዱን ይነክሳል። ስለዚህ ድምፅ የሚወጣባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ ምሰሶ፣ ጣቢያ፣ እና ጣቢያው አጠገብ የሚቀመጠው ጀነሬተር። ስለ ሦስተኛው ስብሰባው ላይ ማንም አላነሣም ብዬ እገምታለሁ።

ከምሰሶው እንጀምር። ገመዱ ላዩ ለስላሳ አይደለም፤ ስድስት የሽቦ ጉንጉኖች ተጠማዘው የተሠራ ነው። ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር ቢሆን፣ አንዱ ጉንጉን ዙሩን የሚጨርሰው በግምት በ28 ሳንቲሜትር ነው። ለስድስት ስናካፍለው በየ4.7 ሳንቲሜትሩ አንድ ጉብታ ፑሊውን ይነካል ማለት ነው። ገመዱ በሰከንድ 5 ሜትር ከሄደ በሰከንድ 107 ጊዜ ያህል ይነካዋል። ይህ ነው «እምም» የሚል ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ የሚሆነው። ባዶ የብረት ምሰሶ ደግሞ ይህን ንዝረት እንደ ክራር ሳጥን ያጎላዋል። ፍጥነቱ ወደ 3 ሜትር ቢወርድ ምቱም ወደ 64 ይወርዳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ጆሯችን እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ የሚሰማው በደካማው ስለሆነ ለውጡ በደንብ ይታወቃል። ለመዝናኛ የመጣ ሰው ደግሞ አይቸኩልም፤ ሐይቁን ለማየት ነው የተሳፈረው። ፍጥነት መቀነስ ከሁሉም መፍትሔ ርካሹ ነው። በጉንጉኖቹ መሃል ፕላስቲክ የተሞላ ገመድም አለ፤ ላዩ ስለሚለሰልስ ንዝረቱ ያንሳል። ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ «እምም» በላይ ሰውን የሚያሰለቸው ግን «ጠቅ» የሚለው ነው። ካቢኑ በምሰሶው ሲያልፍ መንጋጋው ፑሊዎቹን ይረግጣል። እስኪ እናስላው። መስመሩ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 1,200 ሰው የሚያመላልስ ቢሆንና አንዱ ካቢን 8 ሰው ቢይዝ፣ በሰዓት 150 ካቢን ያልፋል። ደርሶ መልስ 300 ነው። በአማካይ በየ12 ሰከንዱ አንድ «ጠቅ» ማለት ነው። እንዳሉኝ በቀን 13 ሰዓት ከሠራ 3,900 ጊዜ። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ግን ጆሮ ቀጣዩን መጠበቅ ይጀምራል፤ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ባለሙያ «አማካይ ድምፁ ይኼን ያህል ነው» ብሎ ወረቀት ሲያመጣላችሁ አማካዩን ብቻ አትቀበሉ። ካቢን ሲያልፍ የሚመዘገበውን ከፍተኛውን መጠን ለብቻው ጠይቁ። በአማካይ ውስጥ «ጠቅታው» ይሟሟል፤ ጆሮ ውስጥ ግን አይሟሟም።

60 ሜትር ርቆ ላለ ምሰሶ መፍትሔው የምሰሶው አሠራር ነው። ፑሊዎቹ በዛ ካሉ ሸክሙን ይከፋፈሉታል፣ ምቱም ይለሳለሳል። ከሁሉም የሚሻለው ምሰሶውን ማራቅ ነው። በሥዕሉ ላይ ምሰሶን ሃምሳ ሜትር ማዛወር የመሐንዲስ ሥራ ነው። ከተተከለ በኋላ ግን የሚሞክረው የለም።

ወደ ጣቢያው እንሂድ። ገመዱን የሚጎትተው ሞተር ያለው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ነው። ሌላኛው ጫፍ ገመዱ የሚዞርበት ትልቅ መንኮራኩርና የካቢኖቹ መግቢያ መውጫ ብቻ ነው ያለው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሞተሩ በየትኛው ጫፍ ይሁን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫ ነው። እናንተ በኩል ያለው ጣቢያ ላይ ከሆነ ሞተሩ፣ ጊርቦክሱና ማቀዝቀዣ ፋኖቹ አብረው ይመጣሉ። ማዶ ከሆነ አይመጡም። ዛሬ ጊርቦክስ የሌላቸው ቀጥታ የሚያዞሩ ሞተሮችም አሉ፤ በግልጽ ጸጥ ያሉ ናቸው። ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢሰጥዎ «ሞተሩ በየትኛው ጫፍ ነው?» ይበሉ።

አሁን ጀነሬተሩ። እኔን በእውነት የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ መብራት ቢጠፋ ካቢኖቹን ወደ ጣቢያ የሚመልስ ሌላ ኃይል የግድ መኖር አለበት። ይህ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ማንም «ይቅር» ሊል አይችልም፤ አይገባምም። ጥያቄው ምን ዓይነት ጀነሬተር፣ የት፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ነው። ሰውን ለማውረድ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ መነሣት አንድ ነገር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ፓርኩን በሙሉ፣ ከኬብል ካሩ እስከ ማቀዝቀዣው፣ እስኪመጣ ድረስ ማንቀሳቀስ ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር የመብራት ሁኔታ ሁለተኛው የመሆኑ ነገር ብዙ አያጠያይቅም።

ቁጥሩን ይዩት። ድምፅ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሜዳ ላይ ሲሄድ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ሽፋን የሌለው ትልቅ ጀነሬተር አንድ ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ጣቢያው ጋ፣ ከእርስዎ 110 ሜትር ላይ ቢቀመጥ አጥርዎ ጋ 59 ያህል ሆኖ ይደርሳል። ድምፅ መከላከያ ሳጥን ውስጥ ያለው ጀነሬተር ደግሞ 7 ሜትር ላይ 70 አካባቢ ነው። 14 ሜትር ላይ 64፣ 28 ላይ 58፣ 56 ላይ 52፣ አጥርዎ ጋ 46 ይሆናል።

እነዚህን ቁጥሮች ከምን ጋር እናነጻጽር? በአገራችን መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55 ነው። ሽፋን የሌለው ጀነሬተር የቀኑን እንኳ ያልፋል ማለት ነው። ሳጥን ያለው ቀን በሰላም ያልፋል፤ ሌሊት ግን ብቻውን ከገደቡ ላይ ይወጣል። በነገራችን ላይ 46 እና 59 የተቀራረቡ ቁጥሮች አይምሰሉዎ። ዴሲቤል በ10 ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ የጮኸ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ስብሰባው ላይ ማንም ያላነሣው ነጥብ አለ። በመመዘኛው ሌሊት የሚጀምረው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የሚያበቃው ጠዋት 12 ሰዓት። ፓርኩ እስከ ማታ 4 እሠራለሁ ሲል የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት የሚሠራው በሌሊቱ ገደብ ሥር ነው። ቀን በ55 ያለፈ ነገር በዚያች ሰዓት 45 ማለፍ አለበት። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ክፍል የሚመክረው ውስጡ ከ30 እንዳይበልጥ ነው። መስኮት ገርበብ ብሎ ሲከፈት የውጭው ድምፅ በ15 ያህል ይቀንሳል። ውጭ 45 ሲሆን ውስጥ 30 ይሆናል። ገደቡ እንዲሁ የተቀመጠ አይደለም።

«መስኮት ዝጉ» የሚል ምክር ከመጣ አይቀበሉ። ባሕር ዳር ነው የምንኖረው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ማን መስኮት ዘግቶ ይተኛል? ባለ ሁለት መስተዋት መስኮት ለአዲስ አበባ ብርድ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ሐይቁን ብሎ ለሚመጣበት ክፍል ግን መፍትሔ አይሆንም።

ዛፉም እንደዚያው። ዛፍ ይተከል፤ ለጥላም፣ ለወፍም፣ ለዓይንም ጥሩ ነው። ድምፅ ግን አይከለክልም። አንድ ሁለት ረድፍ ዛፍ የሚቀንሰው ጆሮ የማይለየውን ያህል ነው። ቁም ነገር ያለው ለውጥ ለማምጣት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስፈልጋል። ግንብ ይሠራል፣ ግን የድምፁን ምንጭ ከዓይን ከጋረደ ብቻ ነው። ጀነሬተርን በግንብ መጋረድ ይቻላል። ምሰሶ አናት ላይ ያለ ፑሊን ግን የትኛው አጥር ይጋርደዋል? ስለዚህ «ዛፍ እንተክላለን» የሚለውን ቃል እንደ ድምፅ መፍትሔ አትመዝግቡት።

ሐይቁ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ታንኳ ላይ ያሉ ሰዎች የሚያወሩት ከሩቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ውኃ ድምፅን አይመጥም፣ መልሶ ያነጥረዋል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ይታጠፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ነው። ጣቢያው በእርስዎና በውኃው መካከል ከሆነ ድምፁ በዚያ ሰዓት ወደ እናንተ ይመጣል። ከላይ ያሰላሁት ቁጥር ይህን ሁሉ አላካተተም፤ በአንዳንድ ማለዳና ምሽት ከዚያ በላይ ሊሰማ ይችላል። የጥናቱ ባለሙያ ሐይቁን እንደ ሣር ሜዳ አድርጎ ካሰላው ስሌቱ ይመለስለት። ውኃው ማዶ ደሴቶች ላይ ያሉት ገዳማትም፣ ደብረ ማርያምን ጨምሮ፣ ጸጥታ የሚፈልጉ ጎረቤቶች ናቸው። መስመሩ በውኃው ዳር የሚያልፍ ከሆነ ገመዱ ለይብራና ለሌሎች የውኃ ወፎች አደጋ እንዳይሆን መታየቱም አይረሳ። የጣና አካባቢ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ይህን ማንሣት መብታችሁ ነው።

ስለ ሙዚቃው ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣቢያው በር ላይ ሁለት ሞንታርቦ ከተገተረ እስካሁን ያወራነው ገመድና ፑሊ ሁሉ ከንቱ ነው። ካቢን ውስጥ ላለ ሰው ለስለስ ያለ ድምፅ ይበቃዋል። ወደ ውጭ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ እንዳይኖር፣ ለአደጋ ጊዜ ማስታወቂያ ብቻ ካልሆነ በቀር፣ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ድምፅ ባይሆንም ልናገር። ካቢን ውስጥ ያለ ሰው ግቢዎን ከላይ ያያል። ልብስ የሚሰጣበትን፣ እናትዎ አረፍ የሚሉበትን። ሰዎች ይህ ሲያበሳጫቸው «ድምፁ አስቸገረን» ብለው ያመለክታሉ። ከዚያ ድምፁ ይለካል፣ ከገደብ በታች ይሆናል፣ አቤቱታው ይወድቃል። ቅሬታዎ መታየት ከሆነ መታየት ብለው ይጻፉት። ለዚህ መፍትሔው መስመሩን ማዞር ወይም በእናንተ በኩል የካቢኑን መስተዋት መሸፈን ነው።

ስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ እንዳያታልልዎ። ለማወቅ ያህል ጥሩ ነው፣ ሰዓቱንም ለመመዝገብ ይረዳል። ማስረጃ ግን አይሆንም፤ ከስልክ ስልክ በብዙ ይለያያል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግንባታው ሳይጀመር በትክክለኛ መሣሪያ፣ አጥርዎ ላይ የሚደረግ ልኬት ነው። ያውም ባጃጁ በሚተራመስበት ቀትር ላይ ብቻ መሆን የለበትም። ማታ ከ3 በኋላና ማለዳም ይለካ። ይህ ካልተደረገ ነገ «ድሮም ሰፈራችሁ ጫጫታ ነበር» ከተባላችሁ የምትመልሱት የላችሁም።

የምርቃት ቀን ያለው ጸጥታም አይሸንግላችሁ። አዲስ ጎማ ጸጥ ያለ ነው። ጎማው ሲያልቅ፣ ኩሽኔታው ሲደርቅ ያው ኬብል ካር ማፏጨትና መንኳኳት ይጀምራል። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ «እስኪመጣ ይሥራ» የሚባልበት ጊዜ ይረዝማል። ልኬቱ በየዓመቱ እንዲደገም ካልተጻፈ የመጀመሪያው ልኬት ትርጉም የለውም።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ የተነገረው ቃል አይበቃም፤ የጥናቱን ሰነድ ጠይቃችሁ የድምፁን ክፍል አንብቡ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኖቹን ቁጠሩ፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በቀን ነው።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ኬብል ካሩ እንዳይተከል አትሟገቱ። በዚያ ክርክር ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሥራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ የእርስዎም ክፍሎች ከፓርኩ እንግዳ ሊያገኙ ይችላሉ። ይልቅ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆናችሁ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ሞተሩና ጀነሬተሩ ማዶ ባለው ጣቢያ ይሁኑ። ጀነሬተሩ ድምፅ መከላከያ ሳጥንና ጥሩ ማርሚታ ይኑረው። ኬብል ካሩ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይቁም። የገመዱ ፍጥነት በሰከንድ ከ3 ሜትር አይበልጥ። ከግንባታ በፊት፣ ሲከፈትና በየዓመቱ አጥራችሁ ላይ ይለካ፤ 55 እና 45 የሚሉት ቁጥሮችም በፈቃዱ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩ። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ተዉ ከተባላችሁ የማይለቀቀው የሞተሩና የጀነሬተሩ ቦታ ነው። ሰዓትና ፍጥነት ነገም ይስተካከላል። ሞተር ግን አንዴ ኮንክሪት ላይ ከታሰረ በኋላ አይነሣም። ደብዳቤው ለፓርኩ ባለቤት፣ ለከተማ አስተዳደሩና ለአካባቢ ጥበቃው በአንድ ቀን ይግባ፤ ሦስቱም ጋ ቅጂው ላይ ገቢ የሆነበት ማኅተምና ቀን አስመቱ።